ጫጫታው የማንን ሰዓት ነው የሚቆጥረው?

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ዋላችሁ? የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ልጆቻችሁን ተከትላችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ እንኳን ለመስቀሉ አደረሳችሁ።

ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። መስከረም 15 ይሁንልኝ ብዬ አዘጋጆቹን አስቸገርኳቸው። "ነገ ደመራ ነው፣ ሰው አይመጣም" አሉኝ። ሰዓቱንም የመረጥኩት እኔው ነኝ። ምክንያቱን ኋላ ታዩታላችሁ። ከፊት የተቀመጥሽው እህቴ፣ አዎ አንቺ፣ ሰዓት አስረሻል? ዘጠኝ ተኩል ሲል እጅሽን አውጪልኝ። እኔ ወሬ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም።

ግቢ ስትገቡ ከባንዲራው አጠገብ የተተከለ ዲሽ አይታችኋል። "ኳስ ሊያሳዩን ነው እንዴ?" ያላችሁም አላችሁ፤ ሰምቻለሁ። ኳስ የለም። ዲሹ ግን የዚህ ንግግር ግማሽ ነው።

ሥራዬ ለሬዲዮ ቴሌስኮፕ ጆሮ መሥራት ነው። ቴሌስኮፕ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣበት አጮልቀው የሚያዩበት ቱቦ ነው። እኛ የምንሠራበት ግን ዲሽ ነው። ጣሪያችሁ ላይ ካለው የሚለየው በመጠኑና በጥራቱ ነው። እኔ የምሠራው ዲሹ የሰበሰበውን ሞገድ የሚቀበለውን ክፍል ነው። ስሙ ሪሲቨር ይባላል። ጎረቤት እናቴን "ልጅሽ ውጭ አገር ምን ይሠራል?" ሲላት "ሪሲቨር ይጠግናል" ትላለች። "እንግዲያው ሲመጣ የእኛንም ይይልን፣ አንድ ቻናል ጠፍቶብናል" ይሏታል። ለዓመታት ተሟገትኳት። አሁን ትቼዋለሁ፤ ምኑ ነው ስህተቱ?

ዛሬ ሦስት ነገር ላወራ ነው የመጣሁት። አንደኛ፣ ይህ ሙያ ከጫጫታ ጋር የሚደረግ ግብግብ መሆኑን። ሁለተኛ፣ አንድ ጫጫታ ከሰማይ ይምጣ ወይስ ከጓዳ በምን እንደሚለይ። ሦስተኛ፣ መግባት ለምትፈልጉ መንገዱን። ሁለተኛው ላይ ሳልቆይ አልቀርም፤ ካሁኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንደኛው።

ይህቺን የማያውቃት አለ? ኤል ኤን ቢ ናት፤ ዲሹ ፊት የምትሰቀለው መቀበያ። ይህቺ ደግሞ ፋይንደር። ዲሽ የሚገጥሙ ልጆች ጣሪያ ላይ ይዘዋት ይወጣሉ፤ ሲግናል ስታገኝ ትጮኻለች። ቅድም በሻይ ሰዓት ሁለቱን አገናኝቼ ግቢ ውስጥ ስዞር "ሰውዬው ምን ነካው?" ብላችሁ ይሆናል። ወደ ባዶ ሰማይ ሳዞራት ጸጥ አለች። ወደ ግድግዳው ሳዞራት ጮኸች። እንደገና ወደ ሰማይ አዙሬ መዳፌን ፊቷ ላይ ሳደርግ ጮኸች። አንድ ልጅ እየሳቀ መጥቶ ፊቷ ቆመ፤ በእሱም ጮኸች።

ግድግዳ ጣቢያ አለው እንዴ? መዳፌስ ፊልም ያስተላልፋል?

ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ የሬዲዮ ሞገድ ይረጫል። ግድግዳው ይረጫል፣ መሬቱ ይረጫል፣ እናንተም ትረጫላችሁ። እኔ እዚህ ቆሜ ሁለት ዓይነት ድምፅ ነው የማወጣው፤ እናንተ የምትሰሙት አንዱን ብቻ ነው። ሰማዩ ግን ቀዝቃዛ ስለሆነ ዝም ይላል። ለዚህ ነው እኛ ዘንድ ጫጫታ በሙቀት የሚለካው። ግድግዳው 300 ኬልቪን ገደማ ይጮኻል እንላለን፤ ኬልቪን ከመጨረሻው ቅዝቃዜ ተነስቶ የሚቆጥር የሙቀት መለኪያ ነው።

አሁን ችግሩ ይገባችኋል። ሪሲቨሩ ውስጥ ሞገዱን የሚያጎላው ማጉያ ራሱ ዕቃ ነው። ዕቃው ሙቀት አለው። ሙቀት ካለው ይጮኻል። ከሰማይ የመጣውን ሹክሹክታ ሊያሰማኝ የገዛሁት ማጉያ ራሱ ጆሮዬ ላይ ይጮኽብኛል! ስለዚህ ምን እናደርጋለን? እናቀዘቅዘዋለን። አየሩ ከወጣለት የብረት ሣጥን ውስጥ አስገብተን፣ በሂሊየም በሚሠራ ማቀዝቀዣ እስከ 20 ኬልቪን እናወርደዋለን። በምናውቀው ዲግሪ ከዜሮ በታች 253 ማለት ነው። የቤታችሁ ፍሪጅ እዚያ አካባቢ ምድጃ ነው።

ሹክሹክታው ምን ያህል ትንሽ ነው? አንድ ተራ ሞባይል ጨረቃ ላይ እናስቀምጥና 1 ዋት እየላከ ይደውል እንበል። መሬት ላይ ለሚጠብቀው ቴሌስኮፕ 270 ጃንስኪ ያህል ይሆናል። ጃንስኪ የሬዲዮ ሞገድ ብርታት መለኪያችን ነው፤ የሰው ስም ነው፤ ሰውዬውን አሁን አመጣዋለሁ። ያ ስልክ በሰማይ ላይ ካሉት ደማቅ ነገሮች አንዱ በሆነ ነበር። እኛ ቀን ከሌት የምንለፋው ከ1 ጃንስኪ ሺህ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሚሊዮን ጊዜ ለሚያንስ ነገር ነው።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። አላመጣሁትም፤ በአሳብ እዩት። ሪሲቨሩን ሠርተን ስንጨርስ የራሱ ጫጫታ ምን ያህል እንደሆነ መለካት አለብን። ጥቁር ስፖንጅ አለን። ላዩ እንደ እንቁላል ማስቀመጫ ሾጣጣ ሾጣጣ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ይውጣል። መጀመሪያ በክፍሉ ሙቀት እንዳለ ሪሲቨሩ አፍ ላይ እንደፋዋለን፤ ቁጥሩን እንጽፋለን። ከዚያ ፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ እንነክረዋለን፤ 77 ኬልቪን ነው። ናይትሮጂኑ እንደ ትኩስ ዘይት ይንጣጣል። ነጭ ጉም ከሣጥኑ ከንፈር ላይ እየፈሰሰ ወለሉን ይሞላዋል፤ ጫማችሁ አይታያችሁም። ጓንት አጥልቃችሁ፣ ሳይሞቅ፣ ቶሎ ብላችሁ አንስታችሁ አፉ ላይ ትደፉታላችሁ። ቁጥሩ ይወርዳል። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ታካፍላላችሁ። 3.5 ከመጣ የሪሲቨሩ ጫጫታ 10 ኬልቪን ብቻ ነው፤ ጮቤ ትረግጣላችሁ። 2 ከመጣ 140 ኬልቪን ነው፤ ዝም ብላችሁ መፍቻ ትፈልጋላችሁ።

እኔ 2 መጥቶልኝ ያውቃል። ሁለት ሳምንት ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ አቀዘቀዝኩ፣ አሞቅኩ። ለማቀዝቀዝ ብቻ አንድ ሌሊት ይፈጃል። በመጨረሻ ምን ሆኖ ተገኘ? የላላ ኮኔክተር። በጣት የሚጠብቅ። ዲሽ የምትገጥሙ ልጆች ካላችሁ ስቃችሁብኛል፤ እናንተ መጀመሪያ የምታዩት እሱን ነው።

ሁለተኛው። ዋናው ይኸ ነው።

1996 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛ ዓመት ልገባ ነው። ክረምቱን ዲሽ እየገጠምኩ የኪስ ገንዘብ እሠራ ነበር። ሰፈራችን ካለ አንድ ሻይ ቤት ጣሪያ ላይ ትልቅ ክብ ዲሽ ተክዬ ናይልሳት ወደሚባለው የቴሌቪዥን ሳተላይት አዞርኩት። ሥዕሉ መስታወት ነበር። ባለቤቱን ጋሼ ነበር የምላቸው፤ ግማሹን ከፈሉኝ፣ ግማሹን "ከበዓሉ በኋላ" አሉኝ።

ያን ዓመት ደመራ ቅዳሜ ዋለ። ሰፈሩ ወደ መስቀል አደባባይ ወርዷል። የቀረው ጎረምሳ ሻይ ቤቱ ውስጥ ታጭቋል። ኳስ ነው፣ በዓረብኛ ኮሜንታተር። ማናችንም ዓረብኛ አንችልም። ጎል ሲገባ ግን ማን ያስተረጉማል?

ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሥዕሉ ይቆራረጥ ጀመር። ካሬ ካሬ ሆነ። ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። የተወረወረብኝን ስድብ እዚህ አልደግመውም፤ ወላጆች አሉ። መሰላል ይዤ ጣሪያ ወጣሁ። ገመዱን አየሁ፤ ደህና ነው። ብሎኑን ነካሁ፤ ጠብቋል። ሰማዩ የመስከረም ሰማይ ነው፤ አንድ ቁራጭ ደመና የለም። ግራ ገብቶኝ ዲሹን ሳየው የኤል ኤን ቢዋ ጥላ ልክ እምብርቱ ላይ ተቀምጧል። ክብ፣ ጥቁር፣ እንደ ማኅተም። "ወይ ግጥምጥሞሽ" አልኩ። ምንም ሳላደርግ ከታች ጭብጨባ ሰማሁ። ሥዕሉ ተመልሷል። ስወርድ ሰው ሁሉ አቀፈኝ። ጋሼ ሻይ በነጻ ጋበዙኝ።

በማግስቱ፣ በመስቀል ዕለት፣ በዚያው ሰዓት ጠፋ። ያን ቀን የሚያቅፍ የለም። "ትናንት ምኑን ነው የሠራኸው?" አሉኝ ጋሼ። በሦስተኛው ቀንም ጠፋ፤ ግን ቶሎ ተመለሰ። እኔ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ሰዓቱን መጻፍ ጀምሬ ነበር። ከሳምንት በኋላ እስኪመሽ ተቀምጬ ጠበቅኩ። አልጠፋም።

ነገሩ ምን ነበር? በዓመት ሁለት ጊዜ ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። ለእኛ ለአዲስ አበባ አንዱ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሌላው በደመራ ሰሞን። ፀሐይ ትኩስ ናት፤ ትኩስ ነገር ደግሞ ይጮኻል ብለናል። ጩኸቷ የሳተላይቱን ድምፅ ዋጠው። ለዚያች አምስት ደቂቃ የጋሼ ዲሽ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሆኖ ፀሐይን እየሰማ ነበር። ጥላው ግጥምጥሞሽ አልነበረም፤ መልሱ ራሱ ነበር። ይህን መጽሐፍ አገላብጬ ደርሼበት ሄጄ ነገርኳቸው። "ፀሐይ ናት ያጠፋችው።" በጣም ሳቁ። ቀሪውን ገንዘቤን ግን እስከ ዛሬ አልከፈሉኝም።

በኋላ ስማር ነው ከእኔ በፊት አንድ ሰው ይኸው ነገር እንደገጠመው ያወቅኩት። ካርል ጃንስኪ ይባላል። በ1931 እ.ኤ.አ. መጨረሻ 26 ዓመቱ ነበር፤ ከዚህ ወዲህ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ሆልምዴል፣ ኒው ጀርሲ፣ ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራል። ሥራው የሰማይ ጥናት አልነበረም። ውቅያኖስ ተሻግሮ በሬዲዮ የሚደወለውን ስልክ የሚያውከው ሽሽታ ከየት እንደሚመጣ አጣራ ነው የተባለው። 30 ሜትር ገደማ የሚረዝም አንቴና ሠራ። ከሥሩ የፎርድ መኪና ጎማ ገጠመለት። በየ20 ደቂቃው አንዴ ይዞራል። እንደ ልጆች መጫወቻ።

ቅርብ ያለ መብረቅ ሰማ። ሩቅ ያለ መብረቅ ሰማ። ሦስተኛው ግን ዝም ብሎ የሚንሾካሾክ ነገር ነው። መጀመሪያ ፀሐይ መሰለችው፤ አቅጣጫው ከፀሐይ ጋር ይገጥም ነበርና። ወሮች ሲያልፉ ግን ሽሽታው ከፀሐይ ተለየ። በየቀኑ 4 ደቂቃ እየቀደመ ይመጣል። በወር 2 ሰዓት! ሥነ ፈለክ የሚያውቅ ባልደረባው ነው ትርጉሙን የነገረው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የንግግሬ እምብርት ይኸ ነው። መሬት በራሷ ዛቢያ አንድ ዙር የምትዞረው በስንት ሰዓት ነው? በ24 ያላችሁ ተሳስታችኋል። በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። መሬት ፀሐይንም እየዞረች ስለሆነ ፀሐይን መልሳ ፊት ለፊት ለማግኘት 4 ደቂቃ ትጨምራለች። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሰዓት አለ። የፀሐይ ሰዓት 24 ነው። የከዋክብት ሰዓት 23 ከ56 ነው። የጃንስኪ ሽሽታ የሚመጣው በከዋክብት ሰዓት ነበር። ከፀሐይ አልነበረም፤ ከፍኖተ ሐሊብ መሐል፣ ከጋላክሲያችን እምብርት ነበር። በ1933 ይፋ ሲያደርገው ጋዜጣ ጻፈለት፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ወደ ሌላ ሥራ አዛወረው። በ1950 በ44 ዓመቱ ሞተ። ስሙን መለኪያ ያደረግነው ካለፈ በኋላ ነው። ሥራውን የቀጠለው ግሮት ሬበር የሚባል የሬዲዮ መሐንዲስ ነው። በ1937 ዊተን፣ ኢሊኖይ ውስጥ በቤቱ ጓሮ፣ በራሱ ገንዘብ፣ 9.5 ሜትር ዲሽ ሠራ። ቀን ቀን የመኪኖች ሞተር እሳት ሲረጭ አላሰማ አለው፤ ሌሊት ሌሊት ይሠራ ነበር። መኪናም እንግዲህ ሰዓት አለው፤ የሥራ ሰዓት።

ስለዚህ ጫጫታ ሲመጣ ማንነቱን አትጠይቁት። ሰዓቱን ጠይቁት። የማንን ሰዓት ነው የምትቆጥረው በሉት።

ስለ ሰዓት ካነሳሁ አይቀር አንድ ውርደት ልንገራችሁ። ውጭ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። መዝገብ ላይ "8፡00፣ ጣልቃ ገብ ሞገድ" ብዬ ጻፍኩ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ማለቴ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። እነሱ ጠዋት ስምንት መሰላቸው። ጠዋት በዚያ ሰዓት ምን ይበራ እንደነበር ሦስት ሰው ሲፈልግ ዋለ። እኔ ተኝቼ ነበር።

ወደ ቁም ነገሩ። በ1967 ካምብሪጅ ውስጥ ጆሴሊን ቤል የምትባል የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። የሚገርመኝ ቴሌስኮፑን ራሷ ከጓደኞቿ ጋር መሥራቷ ነው። 4.5 ኤከር መሬት ላይ እንጨት ተክላ፣ መዶሻ ይዛ፣ ሽቦ ወጥራ። ሁለት ዓመት ፈጀ። ሲያልቅ በቀን 30 ሜትር ገደማ የተሰመረበት ወረቀት ይወጣል። ኮምፒውተር የለም፤ በዓይኗ ነው የምታነበው። ከብዙ ወረቀት መሐል አንዲት የማትመስል ጭረት አየች። ጣት የማትሞላ ቦታ። ሌላ ሰው ቢሆን "የመኪና ነው" ብሎ ያልፋት ነበር። እሷ ግን ከዚህ በፊት አይቼሻለሁ አለች። ወደ ኋላ ሄዳ ፈለገች። ጭረቷ የምትመጣው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። ወረቀቱን አፍጥና ስትቀዳው በየ1.337 ሰከንዱ ትክ ትክ የሚል ነገር ሆነ። ከመሬት ሰዎች በከዋክብት ሰዓት የሚኖር ማን ነው? ራሳቸው የሰማይ ተመራማሪዎች ናቸው። ስለዚህ ሌሎቹን ጣቢያዎች "እናንተ ናችሁ ወይ?" ብለው ጠየቁ። አልነበሩም። የመጀመሪያው ፑልሳር ነበር፤ እንደ እንዝርት የሚሽከረከር የሞተ ኮከብ። የ1974ቱን ኖቤል ግን አማካሪዋ አንቶኒ ሂውሽና ማርቲን ራይል ወሰዱት። እሷ አልተጨመረችም። እኔ ይኼ ነገር ዛሬም አይዋጥልኝም። በ2018 ሌላ ትልቅ ሽልማት ሰጧት፤ 3 ሚሊዮን ዶላር። ዕድሉን ላላገኙ የፊዚክስ ተማሪዎች ይሁን ብላ ሰጠችው።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ያነበበ ወጣት ምን ይመኛል? ፑልሳር። እኔም ተመኘሁ። የት እንደሆነ ስሙን ልተወው፤ አንድ ሌሊት ብቻዬን አዲስ ሪሲቨር እየሞከርኩ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ትክ፣ ትክ፣ ትክ የሚል ነገር መጣ። በየ1 ሰከንዱ። ልቤ ቆመ። አንድ ሰዓት አየሁት፤ አልጠፋም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ ስልክ ደውዬ አለቃዬን ቀሰቀስኩት። ሽማግሌ ነው። ፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ መጣ። ስክሪኑን እንኳን አላየም። "ስንት ሰከንድ ነው?" አለኝ። "ልክ አንድ" አልኩት። "ልክ?" "ልክ።" በክርኔ ይዞ ወደ ማቀዝቀዣው ወሰደኝ። "እጅህን አሳርፍበትና ቁጠር" አለኝ።

ብረቱ ከመዳፌ ሥር ቹክ፣ ቹክ፣ ቹክ ይላል። በሰከንድ አንዴ።

የሂሊየሙ ማቀዝቀዣ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚል ፒስተን አለ። ሞተሩ የሚከተለው የመብራት ኃይሉን ምት ነው። መብራቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ሲመታ ፒስተኑ አንዴ ይመታል። በየምቱ ማጉያውን ለአፍታ ይነቀንቀዋል። ያ ነው ኮከቤ! ሽማግሌው አልተቆጣም። "ቴሌስኮፑን ወደ ሌላ ቦታ አዙረኸዋል?" ብቻ አለኝ። አላዞርኩትም። አዙሬው ቢሆን ትክትኩ አብሮኝ ይዞር ነበር፤ የሰማይ ነገር ደግሞ ፊትህን ስታዞር ይጠፋል። ሌላም ምልክት ነበረው። የፑልሳር ምት በከዋክብት መሐል ሲያልፍ ድግግሞሹ ዝቅተኛ የሆነው ሞገድ ከከፍተኛው ዘግይቶ ይደርሳል። የእኔው ሁሉም እኩል ነበር የሚደርሰው፤ መንገድ አልሄደም፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ሽማግሌው ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ "ሰማይ ድፍን ቁጥር አይወድም" አለኝና ተኝቶ ወደነበረበት ተመለሰ። እኔ እስኪነጋ አልተኛሁም።

ሰው የሚጽናናው በሰው ነው አይደል? አውስትራሊያ ፓርክስ የሚባል 64 ሜትር ዲሽ አለ። ለዓመታት አጭር፣ ኃይለኛ ምት አልፎ አልፎ ይመጣባቸው ነበር። የሚገርመው ደግሞ ዝቅተኛው ሞገድ ዘግይቶ መድረሱ ነው፤ ሩቅ መንገድ የመጣ ይመስላል። እኔን ያዳነኝ ምልክት እነሱን አሳሳተ ማለት ነው። ስም ሁሉ አወጡለት፣ ፔሪቶን ብለው። ነገር ግን ሰዓቱ ነበር የሚያሳብቅበት። በሥራ ቀን ይመጣል፤ በምሳ ሰዓት አካባቢ ይበዛል። ኮከብ ምሳ ይበላል? በ2015 ኤሚሊ ፔትሮፍ የምትባል ተማሪና ባልደረቦቿ ደረሱበት። ማይክሮዌቭ ነበር። ምግቡን አሙቆ ሳይጨርስ አንድ የቸኮለ ሰው በሩን ሲከፍተው የሚያመልጥ ሞገድ። እኔ ይህን ሳነብ ምን ያህል እንደቀለለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ጫጫታው ምንም ሰዓት ባይቆጥርስ?

እንደገና ሆልምዴል ነው፤ 1964። አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን ትልቅ የቀንድ ቅርጽ ያለው አንቴና ነበራቸው። 3.5 ኬልቪን ገደማ ትርፍ ጫጫታ አገኙ። ወደ ኒው ዮርክ አዞሩት፤ አልተለወጠም። ቀን ለኩት፣ ሌሊት ለኩት፣ ክረምት ከበጋ ለኩት፤ ያው ነው። የፀሐይን ሰዓት አይቆጥርም። የከዋክብትን አይቆጥርም። የሰውንም አይቆጥርም። ቀንዱ ውስጥ ርግቦች ገብተው ኩሳቸውን ጥለው ነበርና እነሱን ጠረጠሩ። ርግቦቹን አስወጡ፣ ኩሱን ጠረጉ። ጫጫታው አለ። ብሎን ብሎኑን፣ መገጣጠሚያውን ሁሉ በአሉሚኒየም ለጠፉ። አለ። ለካስ ከየትም አቅጣጫ እኩል የሚመጣ፣ ጠፈር ሁሉ የተሞላበት የጥንት ሙቀት ነበር፤ ዓለም ትኩስ ከነበረችበት ዘመን የተረፈ ፍም። በ1978 ኖቤል ተሸለሙ። እኔን የሚገርመኝ ሽልማቱ አይደለም። የላላ ኮኔክተር አለመሆኑን እርግጠኛ የሆኑበት መንገድ ነው። ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ የተነከረ ማነጻጸሪያ ሠርተው፣ የራሳቸው ዕቃ ምን ያህል እንደሚጮኽ በትክክል አውቀው ነበር። ያንን የማያውቅ ሰው 3 ኬልቪን ትርፍ አለ ብሎ አፉን ሞልቶ ሊናገር አይችልም። ያ ቅድም ያሳየኋችሁ ስፖንጅ ዘመዱ ነው።

እህቴ እጇን አወጣች። አመሰግናለሁ፤ ደርሷል። ሦስተኛውን እንግዲህ እየቆምን ልበለው።

ለዚህ ሙያ ሩቅ አገር ብቻ አትመልከቱ። ደቡብ አፍሪካ ካሩ በረሃ ውስጥ ሚርካት አለ፤ 64 ዲሽ፣ እያንዳንዱ 13.5 ሜትር። በ2018 ተመረቀ። እሱን ውስጡ አድርጎ 197 ዲሽ የሚሆን ትልቅ ቴሌስኮፕ እየተሠራ ነው፤ ኤስ ኬ ኤ ይባላል። ጋና ደግሞ ኩንቱንሴ የሚባል ቦታ ሥራ የፈታ 32 ሜትር የቴሌኮም ዲሽ ነበራት። አድሳ በ2017 ቴሌስኮፕ አደረገችው። የተጣለ ዲሽ ነው! እንጦጦ ላይ ሁለት የ1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን፤ የብርሃን ናቸውና ክረምት ሲገባ ደመናው ያስቸግራቸዋል። እኔ በምሠራባቸው ረጃጅም ሞገዶች ግን ደመና እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ሐምሌን ማዳመጥ ይቻላል። ፊዚክሱን ተማሩ፣ ፕሮግራሚንጉን ተማሩ። ግን እባካችሁ ብየዳም ተማሩ፤ ቆርቆሮ በጋለ ብረት ማቅለጥ የማይችል መሐንዲስ ብዙ አይቻለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ውጭ እየቆምን ጠይቁኝ።

አሁን እንውጣ። ዲሹን ጠዋት ወደ ናይልሳት አዙሬዋለሁ። የኤል ኤን ቢዋ ጥላ አሁን ከጠርዙ ገብቷል፤ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወደ መሐል ይጠጋል። ነገ ይበልጥ ይገጥም ነበር፤ ነገ ግን እናንተ ደመራ ላይ ናችሁ። ወላጆች ይቅደሙ። ገመዱን እንዳትረግጡት። ፀሐይዋን ቀና ብላችሁ አትዩ፤ ጥላውን እዩ። ፋይንደሯን ማን ይያዝልኝ?